ሁለት የአውሮፓ ቋንቋ ጎን ለጎን መለማመጃ፦ በዘፈንና በፓርላማ ንግግር፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሳሪስ

«ሁለቱ ቋንቋ አይምታታብህም ወይ? የምታዳምጠውንስ ከየት ነው የምታመጣው? ለዚያውም ከከተማ ዳር ሆነህ?» የሰፈር ልጆች ይጠይቁኛል፤ የሥራ ባልደረቦቼ ይጠይቁኛል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ኢርፎን ሰክቼ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያዩ ሰዎችም ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ ግማሽ ግማሹን ከምመልስ አንዴ ሙሉውን ልጻፈው ብዬ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። በየሳምንቱ አንድ ዘፈንና አንድ የአውሮፓ ፖለቲካ ጉዳይ ትመርጣላችሁ። ዘፈኑ አፋችሁን ያፍታታል። የአውሮፓ ፓርላማ ንግግር ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ተመሳሳይ ቃላት ይሰጣችኋል። የአውሮፓ ኅብረት 27 አባል አገሮችና 24 ይፋዊ ቋንቋዎች አሉት። የፓርላማው ስብሰባ ወደ ሌሎቹ ቋንቋዎች እዚያው በዚያው ይተረጎማል፤ ቅጂውም በነፃ ይገኛል። አንዱን ንግግር በፈረንሳይኛም በጀርመንኛም መስማት ትችላላችሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚሰጥ መማሪያ መጽሐፍ አላየሁም።

መመሪያው የሚሆነው ቢያንስ በአንዱ ቋንቋ ጀማሪነትን ላለፈ ሰው ነው። ገና ፊደል የሚቆጥር ሰው ደረጃ 6ንና ደረጃ 7ን ብቻ ቢሠራ ይሻላል። ምሳሌዎቼ በብዛት ከፈረንሳይኛና ከጀርመንኛ ናቸው፤ በጣልያንኛ፣ በስፓኒሽና በፖርቱጋልኛም አሠራሩ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስልክ፣ የተወሰነ ባዶ ቦታ ያለው።
- ባለ ገመድ ኢርፎን። የብሉቱዙ ቻርጅ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ከወደቀም ታክሲ ወንበር ሥር ቀረ ማለት ነው።
- ፓወር ባንክ። መብራት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ልትለማመዱ ባሰባችሁበት ምሽት ነው።
- አንድ ደብተርና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ። ለእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ቀለም።
- በሳምንት አንድ ቀን ዋይፋይ፣ ካልሆነ የሌሊት ፓኬጅ።
- የሚያዳምጣችሁ አንድ ሰው። ቋንቋውን ባይችልም ችግር የለም። ለምን እንደሆነ ደረጃ 9 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ የማይመሳሰሉ፣ ደረጃቸውም እኩል ያልሆነ ሁለት ቋንቋዎች ምረጡ

ጣልያንኛንና ስፓኒሽን በአንድ ጊዜ ከዜሮ አትጀምሩ። ቃላቱ በጣም ስለሚቀራረቡ አንዱን ስትፈልጉ ሌላው ቀድሞ ይመጣል። ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ግን ድምፃቸውም የዓረፍተ ነገር አሠራራቸውም ስለሚለያይ ጭንቅላት ውስጥ አይጣሉም። ዘመዳሞቹን የግድ የምትፈልጉ ከሆነ አንደኛው እስኪጠና ሌላውን አቆዩት። ጠንካራው ቋንቋ ደካማውን የሚጎትተው በመካከላቸው ልዩነት ሲኖር ነው።

ደረጃ 2፦ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን መንገድ ስጡት

ከተማ ዳር መኖር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከጀሞ ወይም ከአያት ወደ መሀል ከተማ የሚመላለስ ሰው በቀን ረጅም ሰዓት በሰልፍና በመንገድ ያሳልፋል። መሄጃውን ለአንዱ ቋንቋ፣ መመለሻውን ለሌላው ስጡ። ጠዋት ደካማው፣ ማታ ጠንካራው ይሁን፤ ማታ ድካም ስላለ አዲስ ነገር አይገባም።

መንገዱንም ከፋፍሉት። እኔ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቃሊቲ አዳምጣለሁ። ቃሊቲ ስደርስ ድምፁን አጠፋና እስከ ሳሪስ የሰማሁትን በሆዴ እደግማለሁ። ይህ ድምፅ የጠፋበት ክፍል እንዳይዘለል። ሙሉውን መንገድ ብቻ ያዳመጠ ሰው ሲወርድ ሁሉም የገባው ይመስለዋል። ከአፉ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አይወጣም።

ደረጃ 3፦ ጉዳዩን መጀመሪያ በአማርኛ እወቁት

የሳምንቱን ጉዳይ ምረጡ፦ ስደት፣ የእርሻ ድጎማ፣ የኃይል ዋጋ፣ የንግድ ቀረጥ፣ ምርጫ። ከዚያ በአማርኛ አንብቡት ወይም ስሙት። ዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል ስላለው የአውሮፓን ጉዳይ በደንብ ይዘግባል። በዚያው ጣቢያ በጀርመንኛ ቀስ ተብሎ የሚነበብ ዜና ከነጽሑፉ ይቀርባል። በፈረንሳይኛ ደግሞ የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ (ኤር ኤፍ ኢ) በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያሰራጨው የ10 ደቂቃ ዜና አለ።

በአማርኛ መጀመር ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ስለማታውቁት ጉዳይ በማታውቁት ቋንቋ ስትሰሙ ያልገባችሁ ቋንቋው ይሁን ጉዳዩ መለየት አይቻልም። ጉዳዩን ካወቃችሁ ግን ያመለጣችሁን ቃል በግምት ትሞሉታላችሁ።

እዚህ ላይ ሦስት ስሞችን ለዩ፤ በአማርኛ ዜና ሳይቀር ይቀላቀላሉ። አንደኛው የአባል አገራቱ መሪዎች የሚሰበሰቡበት ጉባኤ ነው። ሁለተኛው የሚኒስትሮቹ ምክር ቤት ነው፤ ሕግ ከፓርላማው ጋር ሆኖ የሚያጸድቀው ይህ ነው። ሦስተኛው 46 አባላት ያሉት የአውሮፓ ምክር ቤት ነው። መቀመጫው ፓርላማው የሚሰበሰብባት የፈረንሳይ ከተማ ስትራስቡርግ ይሁን እንጂ የኅብረቱ አካል አይደለም። ጀርመንኛው የመጀመሪያውን «ኦይሮፔይሸር ራት»፣ ሦስተኛውን «ኦይሮፓራት» ይላቸዋል። በፍጥነት ሲነገሩ ይሳሳባሉ፤ ሳትለዩ ካዳመጣችሁ ሙሉው ንግግር ይገለበጥባችኋል።

ደረጃ 4፦ የአንድ ደቂቃ ንግግር አውርዱ

ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

ፓርላማው በዓመት 12 ጊዜ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ስትራስቡርግ ላይ ሙሉ ስብሰባ ያደርጋል። በቀጥታ ማየት ከፈለጋችሁ ሰዓቱን እንዲህ አስሉ። በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት 9፡00 ሲሆን እኛ ጋ በክረምታቸው ረፋድ 5 ሰዓት፣ በበጋቸው 4 ሰዓት ነው። እኔ ግን በቀጥታ አላይም። ዳታ ይበላል፤ ኔትወርክ ከተቆረጠም ተመልሶ ለመያዝ ያስቸግራል። ቅጂውን ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ ያዙ።

1. የፓርላማውን የስብሰባ ቅጂዎች ገጽ ክፈቱና ቀኑን ምረጡ።
2. የአንድ ተናጋሪን ክፍል ብቻ ነጥላችሁ ያዙ። ሙሉ ክርክር አትያዙ። ብዙዎቹ አባላት የሚሰጣቸው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ነው። እንዲያውም የአንድ ደቂቃ ንግግሮች የሚባል ራሱን የቻለ ክፍል አለ፤ ብዙውን ጊዜ የሚውለው ሰኞ ማታ ነው። ለልምምድ ከዚህ የተሻለ ልክ የለም፦ መግቢያ፣ ክርክርና ጥያቄ በ60 ሰከንድ ውስጥ ያልቃል።
3. የድምፅ ቋንቋውን ምረጡ። «ኦሪጅናል» የሚለው ተናጋሪው ራሱ ያወራበት ነው። ሌሎቹ የአስተርጓሚ ድምፅ ናቸው።
4. ያንኑ ንግግር በሁለታችሁም ቋንቋዎች አውርዱ። ምስሉ ዝቅተኛው ጥራት ይበቃል፤ የምትፈልጉት ድምፁን ነው።
5. በዚያው ጉዳይ ላይ ተቃራኒ አቋም ያለው ሌላ ተናጋሪ ጨምሩ። ተቃራኒዎች ስለ አንድ ነገር ሲያወሩ ያንኑ ስም እየተጠቀሙ ግሱን ይቀያይራሉ፦ ደገፈ፣ ተቃወመ፣ አጸደቀ፣ ውድቅ አደረገ፣ አሻሻለ። ለክርክር የሚሆን ቃል የሚገኘው ከዚህ ነው።

ለአነጋገር ዘዬ ሁልጊዜ ኦሪጅናሉን ተከተሉ። አስተርጓሚ ከተናጋሪው ጥቂት ሰከንድ ወደኋላ ቀርቶ ስለሚሮጥ ዜማው ይቆራረጣል፤ አንዴ ይጣደፋል፣ አንዴ ዝም ይላል። ለቃላት ግን አስተርጓሚው ወርቅ ነው። ሐሳቡን በቀላሉና በአጭሩ የሚጨርሰው እሱ ነው።

ሁለት ቋንቋ በአንድ አፍ መስማት ለሚፈልግ ደግሞ የአውሮፓ ኮሚሽን፣ ማለትም የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል፣ ፕሬዚዳንት ኡርዙላ ፎን ዴር ላየን አሉ። በመስከረም ወር አካባቢ ለፓርላማው በሚያቀርቡት ዓመታዊ ንግግር ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛና ወደ ጀርመንኛ ይሻገራሉ። የተወለዱትና ልጅነታቸውን ያሳለፉት ብራስልስ ስለሆነ ፈረንሳይኛቸው ጥሩ ነው። የሚሻገሩበትን ቦታ ብቻ ቆርጣችሁ ደጋግማችሁ ስሙት። አፍ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚዞር በጆሯችሁ ትይዙታላችሁ።

ደረጃ 5፦ ጽሑፉን ጎን ለጎን አስቀምጡ

የኅብረቱ የሕግ ገጽ ዩር-ሌክስ አንዱን ሰነድ በሁለትና በሦስት ቋንቋ ጎን ለጎን ያሳያል። የሕግ ቋንቋ ግን ከባድ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ በሁሉን አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ጀምሩ። 30 አንቀጾች አሉት፤ አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው። በአማርኛም አለ፤ ስለዚህ ሦስት ዓምድ መሥራት ትችላላችሁ። አንድ አንቀጽ በእጃችሁ ደብተር ላይ ገልብጡ፣ እያንዳንዱን ቋንቋ በራሱ ቀለም። ፎቶ ማንሳት አይተካውም። በእጅ ሲጻፍ ዓይን እያንዳንዱን ቃል ለማየት ይገደዳል።

ደረጃ 6፦ የሳምንቱን ዘፈን ምረጡ

ጥሩ የልምምድ ዘፈን ቀርፋፋ ነው፤ ድምፃዊው ከሙዚቃው በላይ ይሰማል፤ ግጥሙ በጽሑፍ ይገኛል። ሦስቱ ካልተሟሉ የምትወዱትም ቢሆን ለደስታ ብቻ አዳምጡት።

የዓለም ሙዚቃ የሚወድ ሰው የሚሳሳተው ቋንቋውን ሳያጣራ መጀመሩ ላይ ነው። ከማጥናታችሁ በፊት እነዚህን አረጋግጡ፦

- ሞርና የሚባለው የኬፕ ቨርድ ዘፈን ብዙ ጊዜ የሚዘፈነው በክሪዮል፣ ከፖርቱጋልኛ በተወለደው የአገሩ ቋንቋ፣ ነው። የሴዛርያ ኤቮራን ዜማ እየሰማ ፖርቱጋልኛ የተማረ የሚመስለው ሰው የሚለማመደው ሌላ ቋንቋ ነው። ፖርቱጋልኛ ከፈለጋችሁ ወደ ፖርቱጋሉ ፋዱ ዘፈን ወይም ወደ ብራዚል ቦሳ ኖቫ ሂዱ። የሊዝበኑ አናባቢዎችን ይውጣል፣ የብራዚሉ ይከፍታቸዋል። አንዱን መርጣችሁ እዚያው ቆዩ።
- የናፖሊ የቆዩ ዘፈኖች በናፖሊኛ ናቸው። ትምህርት ቤት የሚሰጠው ጣልያንኛ አይደለም።
- የስፔኑ ፍላሜንኮ በደቡብ ስፔን፣ በአንዳሉሲያ ዘዬ ይዘፈናል። የቃል መጨረሻ «ስ» ይጠፋል፤ በአናባቢዎች መካከል ያለ «ድ» ይዋጣል። መጀመሪያ በዚህ የለመደ ጆሮ የማድሪድ ዜና ይከብደዋል።
- የኮንጎ ሩምባ በብዛት ሊንጋላ ነው፤ ፈረንሳይኛው ጣል ጣል ይደረግበታል።
- የፈረንሳይኛ ዘፈን በንግግር የማይሰማውን የመጨረሻ «ኧ» ብዙ ጊዜ ያሰማዋል። «ሴት» የሚለው ቃል በንግግር «ፋም»፣ በዜማ «ፋመ» ሊሆን ይችላል። ዘፈኑን ስትጨርሱ ያንኑ ስንኝ ያለ ዜማ አንብቡት፤ አለዚያ ዳቦ ቤት ገብታችሁ ትዘፍናላችሁ።

ይህ ሁሉ ጣጣ ካለው ለምን ዘፈን? ምክንያቱ የእኛው አፍ ነው። አማርኛ በቃል መጀመሪያ ሁለት ተነባቢ ሲደራረብበት «እ» ያስገባል። «ስትራስቡርግ» ስንል ሳናውቀው «እስትራስቡርግ» እንላለን። በንግግር ማንም ስለማያርመን ይቀጥላል። ዘፈን ግን ምት አለው። ትርፍ «እ» ካስገባችሁ ምቱ ያልፋችኋል፤ ወዲያው ይታወቃል። በጣታችሁ ጉልበታችሁን እየመታችሁ ዝፈኑ። አንድ ምት ላይ ሁለት ድምፅ ከወጣ ቁሙ፤ ያን ቃል ብቻ ደጋግሙት።

ለጣልያንኛ ደግሞ የምሥራች አለ። ማጥበቅና ማላላት ለእኛ አዲስ አይደለም። «ፓላ» ሲላላ አካፋ፣ ሲጠብቅ ኳስ ነው። ይህን ለመለየት ሌላው ሰው ብዙ ይለፋል፤ እኛ «አለ» ብለን ሁለት ነገር ስንናገር ነው ያደግነው። ዘፈን ላይ የጠበቀውን ድምፅ ልክ እንደ አማርኛ ያዙት።

ደረጃ 7፦ የሰማችሁትን በፊደል ጻፉ

ግጥሙንም ሆነ የንግግሩን ጽሑፍ ገና አትዩ። አንድ ስንኝ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር አዳምጡና የሰማችሁትን በአማርኛ ፊደል ጻፉት። ሦስት ጊዜ ከሰማችሁ በኋላ ዋናውን ጽሑፍ ከሥሩ ገልብጡና አነጻጽሩ።

የላቲኑን አጻጻፍ ቀድሞ ያየ ዓይን ጆሮን ያታልላል። ፈረንሳይኛ ብዙ የማይነበብ ፊደል ይጽፋል፤ ቀድማችሁ ካያችሁት የሌለውን ድምፅ «ትሰሙታላችሁ»። ፊደል የሌላቸውን ድምፆች ምልክት ስጧቸው። በአፍንጫ ለሚወጣው አናባቢ ከላይ ነጥብ፣ ከንፈር አሹሎ «ኢ» ለማለት ከላይ ክብ። ምልክቱ የራሳችሁ ስለሆነ የፈለጋችሁትን አድርጉ፤ ብቻ አትቀያይሩት።

ቁጥሮችን አትዝለሉ። ፖለቲካ ቁጥር ነው፤ ጆሮም መጀመሪያ የሚጥለው ቁጥርን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከተደረገው የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ወዲህ ፓርላማው 720 መቀመጫ አለው፦ ለጀርመን 96፣ ለፈረንሳይ 81፣ ለጣልያን 76፣ ለስፔን 61፣ ለማልታ 6። እነዚህን በሁለቱም ቋንቋ በቃል በሉ። 96 ለብቻው ጥሩ ልምምድ ነው። ጀርመንኛ ስድስቱን አስቀድሞ «ስድስትና ዘጠና» ይላል። የፓሪሱ ፈረንሳይኛ «አራት ሃያ አሥራ ስድስት» ይላል። የቤልጂየሙ ደግሞ «ኖናንት ሲስ» ብሎ በአጭሩ ይገላገላል። የቤልጂየም ተወካይ ሲናገር ይህን ካልጠበቃችሁ ቁጥሩ ያመልጣችኋል።

ደረጃ 8፦ እግር በእግር ተከተሉ

የአንድ ደቂቃውን ንግግር ክፈቱና ከተናጋሪው ጋር፣ ግማሽ ሰከንድ ወደኋላ ቀርታችሁ፣ እኩል ተናገሩ። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ በድምፅ። ትርጉሙን አታስቡ፤ ዜማውን ብቻ ያዙ። ያቃታችሁን ቦታ ምልክት አድርጉና እሱን ብቻ ደጋግሙ።

በጀርመንኛ አንድ ነገር ይረዳችኋል። በጥገኛ ሐረግ ውስጥ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የለመደ ሰው ይህን መጠበቅ ይጨንቀዋል። አማርኛ ግሱን ሁልጊዜ መጨረሻ ስለሚያደርግ እኛ መጠበቅ ለምደናል። «ሕጉ ትናንት በከፍተኛ ድምፅ እንደጸደቀ» ስትሉ «ጸደቀ» የት እንዳለ አስተውሉ። በጀርመንኛውም ተራችሁን ጠብቁ፤ በእንግሊዝኛ በኩል ዞራችሁ አትምጡ።

ደረጃ 9፦ አሻግሩ

ቅዳሜ ወይም እሁድ፣ ቡና ሲፈላ፣ የሳምንቱን ጉዳይ ለአንድ ሰው ተናገሩ።

1. አንድ ደቂቃ በጠንካራው ቋንቋ።
2. አንድ ደቂቃ በደካማው፣ ያንኑ ሐሳብ።
3. ከዚያ አድማጩ በፈለገው ጊዜ ያጨብጭብ። ሲያጨበጭብ ዓረፍተ ነገራችሁን ጨርሱና ወደ ሌላው ቋንቋ ተሻገሩ።
4. በመጨረሻ በአማርኛ ጠቅለል አድርጋችሁ ንገሩት።

ሦስተኛው የሁሉም ልብ ነው። ቋንቋ የሚምታታው መቀየሪያውን ስላልተለማመድን ነው። ማጨብጨብ ለመቻል ደግሞ ፈረንሳይኛ ማወቅ አያስፈልግም፤ እናታችሁም ታናሽ ወንድማችሁም ይችላሉ። አራተኛው አድማጩን ያከብራል፤ እናንተንም ይፈትናል። በአማርኛ ማስረዳት ካቃታችሁ ጉዳዩን አላወቃችሁትም፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ቋንቋውን የሚችል ጓደኛ ለምትፈልጉ፣ የፈረንሳይኛው አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝም የጀርመንኛው የጎተ ተቋምም አዲስ አበባ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት አላቸው። ተማሪ የሚገኘው እዚያ ነው። ዝም ብላችሁ ሰላም በሉ፤ የሚያወራው ሰው አጥቶ የተቀመጠ ብዙ ነው።

ሳምንቱ በአጭሩ

እሁድ ማታ ማውረድና በአማርኛ ማንበብ። ሰኞና ማክሰኞ ዘፈኑ፣ በፊደል መጻፍ። ረቡዕና ሐሙስ ንግግሩ፣ እግር በእግር መከተል። ዓርብ ቁጥርና ቃላት ብቻ። ቅዳሜ ወይም እሁድ ማሻገር።

ማስጠንቀቂያ

- ቀለበት መንገድ ስትሻገሩ ኢርፎኑን ከሁለቱም ጆሮ አውጡ። ታክሲ ውስጥም ሰልፍ ላይም አንድ ጆሮ ክፍት ይሁን።
- ስልኩን በእጃችሁ ይዛችሁ አትቁሙ፣ በተለይ ሲመሽ። ዝርዝሩን ቤት አዘጋጁ፤ መንገድ ላይ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ።
- የሚኒባስ ጫጫታ ድምፅ ያስጨምራል። ከጎናችሁ ያለው ሰው ዘፈኑን ከሰማ ጆሯችሁን እየጎዳችሁ ነው።
- ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ስስ ነው። በድምፅ የሚሠራውን ሰው ሳይተኛ ሥሩት፤ ጎረቤትንም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።
- የአንድ ተወካይ የአንድ ደቂቃ ንግግር የራሱ ወይም የፓርቲው አቋም ነው። ቋንቋውን ውሰዱ፤ የተጠቀሰውን አኃዝ ግን ሳታጣሩ ለሰው አትንገሩ።

የሚዘወተሩ ስህተቶች

*አዲስ ዘፈን በየቀኑ መቀየር።* አንዱን ሳምንቱን ሙሉ ያዙ። አፍ የሚፍታታው ከሰለቸን በኋላ ነው።

*ትርጉም ያላወቁትን ቃል ሁሉ መጻፍ።* ከአንድ ንግግር አሥር ቃል ይበቃል። በሁለቱም ቋንቋ ተጣምረው ይጻፉ፤ ከጎናቸው አማርኛው።

*የአስተርጓሚን ዜማ መቅዳት።* ተቆራርጦ የሚናገር ሰው ያደርጋችኋል።

*ደካማውን ቋንቋ «ሲመቸኝ» ብሎ መተው።* አይመችም። የጠዋቱን መንገድ ስጡት።

*አንድ ሳምንት ካመለጠ ድርብ አድርጎ ለማካካስ መሞከር።* ያለፈው ጉዳይ ይለፍ። ስልካችሁ ላይ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ዘፈንና አንድ ትርፍ ንግግር ይኑር፤ ኔትወርክ በጠፋበት እሁድ እሱን ክፈቱና ከደረጃ 7 ቀጥሉ።